ሁለት ወንዝ፣ አንድ ግራጫ፦ የኦኔ የእግር መንገድ በቀለምና በጥቁርና ነጭ

የምኖርበት ሰፈር ኦኔ ይባላል። ከጄኔቫ መሀል ከተማ በ14 ቁጥር ትራም ጥቂት ፌርማታ ነው። በፈረንሳይኛ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማይነበብ ፊደል ስላለው አዲስ መጪ ሁሉ «ኦኔክስ» ይለውና ይታረማል። እኛ የምንጽፈው የሚሰማውን ስለሆነ «ኦኔ» ብለን እንገላገላለን፤ ጎረቤቱ ቤርኔም እንደዚሁ ነው። ይህን ያነሳሁት ለፎቶዎቼ መግለጫ የምጽፈው በአማርኛ ስለሆነ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ግማሹ በእግር እየሄዱ መልክዓ ምድር ስለማንሳት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያንን የአማርኛ መግለጫ እንዴት እንዳጣሁትና ከፊሉን እንዴት እንዳገኘሁት።

ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እወጣለሁ። መኪና የለኝም፤ ቢኖረኝም ለዚህ ሥራ አይጠቅመኝም። ስዊዘርላንድ ሲባል ሰው የሚጠብቀው የማተርሆርንን ሾጣጣ ጫፍ ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ አንስቼዋለሁ፤ ፖስት ካርድ ላይ ካለው የሚለየው የእኔው ትንሽ የተጣመመ መሆኑ ብቻ ነው። የሰፈር መንገድ ግን ሌላ ነው። ያንኑ ዛፍና ያንኑ ድልድይ በዝናብም በጭጋግም በፀሐይም ታዩታላችሁ። ዛሬ ያልወጣላችሁን በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ትሞክሩታላችሁ። አውሮፕላን ተሳፍሮ ለሁለት ቀን የመጣ ቱሪስት ይህ ዕድል የለውም።

መንገዴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከኦኔ ተነስቼ በፔቲ ላንሲ በኩል ወደ ባቲ ጫካ እገባለሁ። አዎ፣ ስሙ ባቲ ነው። ከወሎዋ ባቲም ሆነ ከቅኝቱ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቢሆንም የመጀመሪያ ቀን ታፔላውን ሳነብ ብቻዬን ቆሜ ስቄያለሁ። ከጫካው ወጣ ሲባል ባቡር የሚያልፍበት ረጅም ድልድይ አለ፤ የዦንክሲዮን ድልድይ። ከሐዲዱ ጎን ለእግረኛ የተተወች መተላለፊያ አለችው። መሀሉ ላይ ቆማችሁ ወደ ከተማው ስትመለከቱ ከሥራችሁ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ።

በግራ ያለው ሮን ነው። ከሌማን ሐይቅ ገና መውጣቱ ስለሆነ ደለሉን ሐይቁ ውስጥ አራግፎ፣ ጠርቶ፣ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። በቀኝ ያለው አርቭ ነው። ከሞን ብላን ተራሮች ግግር በረዶ ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርድ በበረዶው የተፈጨ የድንጋይ ዱቄት ይዞ ስለሚመጣ፣ አመድ የነሰነሱበት ወተት ይመስላል። ከተገናኙ በኋላም ወዲያው አይዋሃዱም፤ መሀላቸው በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል መስመር ይዘው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ በረዶው በደንብ ሲቀልጥ ልዩነቱ ይጎላል። በጥርና በየካቲት አርቭ ራሱ ስለሚጠራ መስመሩ ይደበዝዛል።

ለባሕር ዳር ልጅ ይህ ወሬ እንግዳ አይደለም። ግልገል ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል አቋርጦ ዓባይ ሆኖ ይወጣል የሚለውን ያልሰማ ማን አለ? እኔ የሰማሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ባሕር ዳር ፎቶ ቤት ነበረው። እንጀራው ጉርድ ፎቶና ሠርግ ነበር፤ ጊዜ ሲያገኝ ግን ካሜራውን አንግቶ ወደ ጣና ዳርና ወደ ጢስ ዓባይ ይወጣ ነበር። ሁሉም ጥቁርና ነጭ፤ ሁሉም በራሱ ጨለማ ክፍል የታጠበ። የቀለም ማጠቢያ ማሽን ከተማው ሲገባ ፎቶ ቤቱን ዘጋ። «ቀለም ማንም ያነሳዋል» ይላል እስከ ዛሬ። ቂም ነው እንጂ እውነትነቱ ያጠራጥረኛል።

የዦንክሲዮንን ፎቶ በቀለም ስልክለት «ደስ ይላል» ብሎ ዝም አለ። ዝምታውን ስለማውቀው ያንኑ ፎቶ ስልኬ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጬ ላክሁት። ማታ ደወለ።

«ሁለት ወንዝ ብለህ አንድ ወንዝ ላክህልኝ።»

«ሁለት ናቸው እኮ አባባ፤ መስመሩ አይታይም?»

«አይታይም። ቀዩን መስታወት አድርግበት።»

ቀዩ መስታወት ማለት ድሮ ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠልቀው ቀይ ፊልተር ነው። ከ70 ዓመት በላይ የሆነው፣ አንዱ ዓይኑ በሞራ የተሸፈነ ሰው፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በአንዲት ስልክ መስኮት አይቶ ስህተቴን ነገረኝ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ የሆነው ቀለሙ ስለጠፋ ብቻ ነበር፤ ማንም ስለ ግራጫው አላሰበበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲጂታል ፎቶ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር አለው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ከፎቶዬ ላይ የሮንን ውኃ ስለካ ቀይ 70፣ አረንጓዴ 130፣ ሰማያዊ 130 አካባቢ አገኘሁ። አርቭ ደግሞ 140፣ 140፣ 125። ተራው የጥቁርና ነጭ ቁልፍ የሚሠራው ሦስቱን በዓይናችን ልክ መዝኖ በመደመር ነው፤ ከአረንጓዴው 72 በመቶ፣ ከቀዩ 21፣ ከሰማያዊው 7 ያህል። በዚህ ስሌት በግርድፉ ሮን 117፣ አርቭ 139 ይሆናሉ። ሁለቱም መካከለኛ ግራጫ ናቸው፤ ትንሽ ስልክ ላይ፣ ለደከመ ዓይን፣ አንድ ወንዝ። ከቀዩ ብቻ ብንወስድ ግን 70 እና 140 ነው፤ ሮን ይጠቁራል፣ አርቭ ይነጣል፣ መስመሩ ይወጣል። ከሰማያዊው ብቻ ብንወስድ ደግሞ 130 እና 125፤ መስመሩ ጭራሽ ይጠፋል።

ስለዚህ ጥቁርና ነጭ አንድ ፎቶ አይደለም። ከአንዱ የቀለም ፎቶ ውስጥ የማይቆጠሩ ጥቁርና ነጮች አሉ፤ የትኛው እንደሚሻል የሚመርጠው ሰው ነው። ለዚህም ነው ስልኩን ወይም ካሜራውን «ሞኖክሮም» ላይ አድርጎ ማንሳትን የማልመክረው። ጄፔግ ሆኖ ሲቀመጥ ቀለሙ ወዲያው ይጣላል፤ ተመልሶ ቀይ ፊልተር ማድረግ አይቻልም። በቀለም አንሱ፤ ስልካችሁ ከፈቀደ በሮው ፋይል፣ ማለትም በዲ.ኤን.ጂ.፣ አንሱ። ፋይሉ ከጄፔግ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ሜሞሪ ካስቸገረ ለጥሩ ጥሩው ብቻ ተጠቀሙበት።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ስልክ ላይ ስናፕሲድ በነጻ ይገኛል፤ የጥቁርና ነጭ መሣሪያው ውስጥ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፊልተር የሚያስመርጡ ትንንሽ ክቦች አሉ። ቀዩን ስነካው አባቴ ያለው ሆነ፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ኮምፒውተር ላይ ዳርክቴብል የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ የቀለም ማስተካከያው ክፍል ውስጥ ግራጫው ከየትኛው ቀለም ስንት እንደሚወስድ በቁጥር ትሰጡታላችሁ። መጀመሪያ ያስፈራል፤ ከላይ ያለውን ስሌት ከተረዳችሁ ግን ሦስት ተንሸራታች ቁልፍ ብቻ ነው።

ከሰማያዊው ብቻ ስንወስድ የሚሆነውን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። የጥንቱ የፎቶ ሳህን በባሕርዩ የሚያየው ሰማያዊውን ብርሃን ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶዎች ላይ ሰማዩ ሁሉ ባዶ ነጭ የሆነው፣ ሩቅ ተራራም በጭጋግ የተዋጠው ለዚህ ነው። በ1873 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎገል ሳህኑን በቀለም በመንከር ለአረንጓዴም እንዲነቃ የሚያደርግ ዘዴ አገኘ። እዚሁ ጄኔቫ የቦይሶናስ የፎቶግራፈሮች ቤተሰብ ነበር፤ ግሪክን በማንሳቱ የታወቀው የፍሬድ ቦይሶናስ ወንድም ኤድሞን ቪክቶር በ1880ዎቹ እነዚህን ሳህኖች በማሻሻል ሠርቷል። አልፕስን ከሩቅ አጥርቶ ማንሳት ለሚፈልግ የጄኔቫ ሰው ጉዳዩ የሳይንስ ብቻ አልነበረም፤ በመስኮቱ የሚያየውን ተራራ ሳህኑ ስላላየለት ነው።

መቼ በቀለም፣ መቼ በጥቁርና ነጭ? ሕግ የለኝም፤ ልማድ ግን አለኝ። ጄኔቫ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ለቀናት ፀሐይ የማታይበት ጊዜ አለ። ዝቅ ያለ ደመና በዡራ ተራሮችና በሳሌቭ መካከል እንደ ክዳን ይገጠማል፤ ቢዝ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ያኔ ከኦኔ ወደ ሮን ወርጄ ወደ ሊኞን የሚያሻግረውን የእግረኛ ድልድይ አነሳለሁ፤ ከማዶ በ1963 እና በ1971 እ.ኤ.አ. መካከል የተሠራው፣ ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር የሚያልፈው የሊኞን ሕንጻ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ ገባ ይላል። እዚያ ቀለም ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ጥቁርና ነጭ ራሱ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ ካሜራ ጭጋግና በረዶ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። የብርሃን ማስተካከያውን በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፤ ያለዚያ ጭጋጉ የቆሸሸ ነጠላ ይመስላል።

ከደመናው በላይ መውጣት ከተቻለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የሳሌቭ ከፍታ 1,379 ሜትር ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ቢሆንም ጄኔቮች የራሳቸው ተራራ ያደርጉታል። ከላዩ ሆነው ሲያዩት ከተማው ሁሉ በነጭ ባሕር ተውጦ ሞን ብላን ከማዶ ይቆማል፤ ያ ሰማያዊና ያ ነጭ በቀለም ነው የሚያምረው። ኤር የምትባለው ትንሽ ወንዝም እንዲሁ ናት። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በቀጥታ ቦይ ታስራ የኖረች ወንዝ ናት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ቦዩን ጎን ላይ ትተው፣ አፈሩን እንደ ዳቦ ቆርሰው፣ ራሷ መንገዷን እንድትመርጥ ለቀቋት። ሥራው በ2019 የአውሮፓ ምክር ቤትን የመልክዓ ምድር ሽልማት አግኝቷል። የመስከረም ማታ ብርሃን ሲያርፍበት ጠጠሩ ወርቅ ይሆናል፤ እሱን በጥቁርና ነጭ ማድረግ ነውር ነው። (አባቴ አይስማማም።)

አሁን ወደ መግለጫው ልምጣ።

አባቴ የሚያጥበው ፎቶ ሁሉ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ቦታውንና ዓመቱን ይጽፍ ነበር። ኔጌቲቮቹ ግን ጀርባ የላቸውም። ከሰባት ዓመት በፊት አገር ቤት ሄጄ 340 ኔጌቲቭ ይዤ መጣሁና በስካነር አስገባኋቸው። ከዚያ ለሁለት ክረምት፣ እሑድ እሑድ፣ አንድ በአንድ እየላክሁለት እሱ በስልክ ሲነግረኝ እኔ በአማርኛ ከፋይሉ ጋር ጻፍሁ። ቀጥሎ ፎቶዎቼን ሁሉ በአንድ ቦታ ለማደራጀት ብዬ ወደ ሌላ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም አዛወርኋቸው። በሳምንቱ አንዱን ስከፍተው መግለጫው «??? ???? 1974» ይላል። ሌላውን ከፈትሁ፦ «?? ??? 1971»። ሁሉም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ አንባቢ ሦስቱን የጉዳት ዓይነቶች ያቀላቅላቸዋል። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ምንም አልጠፋም፤ የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ነው። ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ሲጫን ይመለሳል። በአንድ ፊደል ፋንታ ሦስት የተንሻፈፈ የላቲን ምልክት ከተደረደረም አትደንግጡ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 ሦስት ባይት ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ በስህተት አንድ በአንድ እያነበበው ነው። ፋይሉ ተመልሶ ካልተቀመጠ በስተቀር ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ጠፍቷል። ፕሮግራሙ «ይህን ፊደል አላውቀውም» ብሎ በቦታው ጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ዋናውን ጥሎታል። የኔው ይሄኛው ነበር።

ምክንያቱ ያረጀ ነው። የፎቶ ፋይል ውስጥ ጽሑፍ የሚቀመጥባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ኤግዚፍ ለረጅም ጊዜ መግለጫውን በአስኪ፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ፣ ነበር የሚቀበለው፤ ዩ.ቲ.ኤፍ.-8ን የፈቀደው በ2023 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። የድሮው አይ.ፒ.ቲ.ሲ. የፊደሉ ዓይነት ካልተነገረው ያምታታል፤ ርዕስ የሚጻፍበት መስክ ደግሞ 64 ባይት ብቻ ስለሆነ ከ21 የአማርኛ ፊደል በላይ አይይዝም። ኤክስ.ኤም.ፒ. ግን በዩኒኮድ የተሠራ ነው፤ አማርኛ እዚያ ነው መጻፍ ያለበት። የኔ ፕሮግራም ከኤክስ.ኤም.ፒ. ወደ ድሮው መስክ ገልብጦ የመጀመሪያውን ሰርዞት ነበር። ለሠሪዎቹ ጻፍሁላቸው፤ በትሕትና «የምትጠቀምበት ቋንቋ አይደገፍም» አሉኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው።

አንድ የቆየ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ የ212ቱ መግለጫ ከፎቶው ጎን በተለየ ፋይል ተቀምጦ አገኘሁ። 128 ቀሩ። ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጥያቄ ምልክቱ ፊደሉን ቢያጠፋም ቁጥሩን አላጠፋውም፤ ባዶ ቦታውም ዓመቱም አለ። በአማርኛ ደግሞ አንድ ቀለም አንድ ፊደል ነው። «??? ????» ማለት ሦስት ፊደል፣ ከዚያ አራት ፊደል። ፎቶው ላይ ድልድይ ይታያል። ዓባይ ድልድይ!

ለአባቴ ደወልሁና እንቆቅልሽ ጀመርን። «ሦስት ፊደል፣ 1971፣ ሰውየው ባርኔጣ አድርጓል» እለዋለሁ። እሱ በጣቱ ይቆጥራል። አንዳንዴ ወዲያው ይመጣለታል፤ አንዳንዴ ሦስት ቀን ቆይቶ ሌሊት ይደውላል። የወንድሜ ልጅ ፎቶውን ስልክ ላይ ሲያሳየው ጠቆር ያደረግሁትን፣ ብርሃንና ጥላው የጎላውን፣ ይለይልኛል፤ ለስላሳ ግራጫውን አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱን እንደ ዦንክሲዮን አጉልቼ መላክ ለመድሁ። በዚህ መንገድ 67 መለስን። 61 ቀሩ።

በመሀሉ ዙሪክ ለሥራ ሄጄ ነበር፤ ጠዋት ዩትሊበርግ ወጥቼ ጭጋግ አነሳሁና ከሰዓት ነገሩ ውስጤ ስለነበረ የሰው መግለጫ ማየት ጀመርሁ። የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ፎቶ አንሺም ነበር፤ ስብስቡ የሚገኘው በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢትኖግራፊ ሙዚየም ነው። አብራሪው ቫልተር ሚተልሆልሰር ደግሞ በ1934 እ.ኤ.አ. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አውሮፕላን ለማድረስ ከዙሪክ ወደ አዲስ አበባ ሲበር አገሩን ከአየር አንስቷል። ፎቶዎቹን የኢ.ቴ.ሃ. ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ለቋቸዋል፤ በነጻ ይወርዳሉ፣ መግለጫቸው ግን ጀርመንኛ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከማንም ሰው እርማትና ጥቆማ ይቀበላል። ወንዙን ወይም ቤተ ክርስቲያኑን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉላቸው፤ በአማርኛ የቦታው ስም ምን እንደሆነም ጨምሩበት።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። መግለጫውን በኤክስ.ኤም.ፒ. እጽፋለሁ፤ በተለየ የጽሑፍ ፋይልም አስቀምጣለሁ። ብዙ ፎቶ ሲሆን ኤግዚፍቱል የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ዊንዶውስ ላይ አማርኛውን በትእዛዝ መስኮቱ በቀጥታ መጻፍ ጥያቄ ምልክት ሊያመጣ ስለሚችል፣ በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በተቀመጠ ሠንጠረዥ አድርጌ ነው የማስገባው። ቀኑን ካሜራው በፈረንጅ ይመዘግባል፤ እኔ መግለጫው ላይ የኛን እጨምራለሁ። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ የምልከው ፎቶ ከሆነ «ፎቶ» ሳይሆን «ፋይል» ብዬ ነው የምልከው፤ አለዚያ መንገድ ላይ መግለጫው ይራገፋል። ማተሚያ ቤት የሚሄደው ላይ ደግሞ እንደ አባቴ በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ እጽፋለሁ።

ከ61ዱ አንዱ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ጣና ዳር፣ ታንኳ አጠገብ የቆመች ወጣት ሴት፤ ከኋላዋ ውኃው ነጭ ሆኗል። መግለጫው «??? ?? ??? 1969» ይላል። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። አባቴን አራት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ብርሃኑን አውቀዋለሁ» ይላል፤ ሴትየዋን ግን አላወቃትም። «ያልታወቀች ሴት፣ ጣና ዳር፣ 1969 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍሁበት፤ ከሥሩ ጥያቄ ምልክቶቹን እንዳሉ ተውኋቸው።